ዲቪ ደርሶኛል፤ እዚሁ አሜሪካ ልጨርስ ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማስተርሴን ለመማር በኤፍ-1 ቪዛ አሜሪካ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ተመርቄ በኦፒቲ፣ ማለትም ለተመራቂ ተማሪ በሚሰጠው የሥራ ፈቃድ፣ እየሠራሁ ነው። የ2025 ዲቪ ደርሶኛል፤ ኬዝ ቁጥሬ አፍሪካ ውስጥ 21 ሺህ አካባቢ ነው። ባለቤቴና የሁለት ዓመት ልጄ አዲስ አበባ ናቸው። ሎተሪውን ስሞላ ሁለቱንም አስገብቻለሁ። ዲኤስ-260 የሚባለውን የኢሚግራንት ቪዛ ማመልከቻ ፎርም አሜሪካ ውስጥ እጨርሳለሁ ብዬ ልኬዋለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «ምን አለፋህ፣ እዚሁ ጨርስ፣ ሥራህንም አታጣም» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «አገር ቤት ሂድና ከቤተሰብህ ጋር ግባ፣ ዋጋውም ይቀንሳል» ይላል። የትኛውን ይመክሩኛል? ፈጣኑስ የቱ ነው? ለውጥ ያመጣ እንደሆነ አላውቅም እንጂ በመጀመሪያው ዓመት ቅዳሜና እሁድ አንድ ሱቅ ውስጥ አምስት ወር ያህል ሠርቻለሁ። ክፍያው በእጅ ነበር።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ይህን መልስ የምጽፈው በጥቅምት 2017 ነው። ገና ጊዜ አለህ።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ከላይ ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ «እንደ ሁኔታው» የሚሉት ዓይነት ነበር። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር ግን ጨዋታውን ቀየረችው። «ለውጥ ያመጣ እንደሆነ አላውቅም» ያልካት የሱቅ ሥራ ናት ጉዳይህን የምትወስነው።

እንዳላንዛዛብህ፦ አሜሪካ ውስጥ የመጨረሱ በር ለአንተ ዝግ ነው። መንገድህ አዲስ አበባ ነው። ደግነቱ እሱ በር ክፍት ነው፤ ከአንድ ነገር በቀር። ወደዚያ አንድ ነገር እመጣለሁ።

ኤፍ-1 ያለው ተማሪ ግቢው ውስጥ በሴሚስተር ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። ከግቢ ውጭ የሚሠራው በሲፒቲ (ከትምህርቱ ጋር ለተያያዘ ሥራ በሚሰጥ ፈቃድ)፣ በኦፒቲ ወይም በሌላ ፈቃድ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የሱቅ ሥራ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። በእጅ መከፈሉ፣ ቅዳሜና እሁድ መሆኑ፣ «ዘመድ ለመርዳት ነው» መባሉ ምንም አይለውጥም። (ኡበር የምትነዱ፣ ምግብ የምታደርሱ ተማሪዎችም ይህን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት።)

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አገር ውስጥ ሆኖ ግሪን ካርድ ስለማውጣት፣ ማለትም አድጀስትመንት ስለሚባለው፣ በአንቀጽ 245 ይደነግጋል። ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው በዚህ መንገድ ማለፍ አይችልም ይላል። ከዚያ አንዳንዶችን ይምራል። ዜጋ ያገባ ሰው ይማራል። በመሥሪያ ቤት በኩል የሚያመለክት ሰው ከመጨረሻው ሕጋዊ አገባቡ ወዲህ ጥፋቱ ከ180 ቀን ካልበለጠ ይማራል። ዲቪ የደረሰው ሰው ግን በምሕረቱ ውስጥ የለም። አንድ ቀንም ቢሆን የለም።

«እከሌ እኮ ያለ ወረቀት ስንት ዓመት ሠርቶ እዚሁ ተሰጠው» የሚሉህ ለዚህ ነው ልክም ናቸው፣ ተሳስተዋልም። እከሌ ዜጋ አግብቶ ይሆናል። የሱ መንገድና ያንተ መንገድ ፎርሙ አንድ ነው፣ ሕጉ ግን ለየቅል ነው። ወጥቼ ብመለስስ? የምትልም ከሆነ አያጥበውም። ዩኤስሲአይኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ በራሱ መመሪያ ላይ ከቀደመ ቆይታ የመጣ ጥፋትም እንደሚቆጠር አስፍሯል።

ዝም ብዬ ባመለክትስ? አይ-485 የሚባለው የአድጀስትመንት ማመልከቻ ፎርም ያለ ፈቃድ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ በቀጥታ ይጠይቅሃል። «አዎ» ካልክ ማመልከቻው ይወድቃል፤ የከፈልከው 1,440 ዶላርም አይመለስም። «የለም» ካልክ ሌላ ጣጣ ነው። ጥቅም ለማግኘት ዋሸ ተብሎ የሚያዝ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚከተለው እገዳ አለ። አምስት ወር የሱቅ ሥራ ለዚህ የሚበቃ አይደለም። ውሸቱ ነው ሰውን የሚቀብረው።

አሁን ወደ አዲስ አበባው በር። ኤምባሲ ላይ የሚታየው ሌላ ዝርዝር ነው። ቆንስሉ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክል ምክንያት አለ ወይ?» ብሎ ነው። ያለ ፈቃድ መሥራት ብቻውን በዚያ የክልከላ ዝርዝር ውስጥ የለም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። «እዚያ ያስቀጣኝ ነገር እዚህ እንዴት ዝም ይባላል?» ይላል። ሕጉ እንዲህ ነው የተጻፈው። አንደኛው አገር ውስጥ ሆኖ የመቀየርን ልዩ መብት ይመለከታል፤ ሁለተኛው መግባትን።

ሰዎች የሚፈሩት የ3 ዓመትና የ10 ዓመት እገዳ አለ። ከ180 ቀን በላይ በሕገወጥ መንገድ ቆይቶ የወጣ 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣ 10 ዓመት ይታገዳል። አንተን ይነካሃል? ስትገባ የተሰጠህ አይ-94 የሚባል የመግቢያ መዝገብ የተወሰነ ቀን የለውም፤ «ዲ/ኤስ» ነው የሚለው፣ ትምህርትህ እስካለ ድረስ ማለት ነው። እንዲህ የገባ ተማሪ ሕግ ቢጥስም ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ዩኤስሲአይኤስ ወይም የኢሚግሬሽን ዳኛ ጥሰቱን በይፋ ከወሰነ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኤስሲአይኤስ ይህን ለመለወጥ ሞክሮ ነበር፤ በ2020 ፍርድ ቤት አገደው። ስለዚህ ማንም ምንም ካልወሰነብህ ስትወጣ የሚጠብቅህ የ3 ዓመት እገዳ የለም።

ያ «አንድ ነገር» ያልኩህ ይኸውልህ። ሱቁ ውስጥ ስትቀጠር አይ-9 የሚባል ፎርም ሞልተሃል? አሜሪካ ውስጥ ቀጣሪ ሁሉ ሠራተኛውን ሊያስሞላ የሚገባው ወረቀት ነው። በእጅ የሚከፍሉ ብዙዎች አያስሞሉም። ያስሞሉህ ከሆነ ግን የትኛው ሳጥን ላይ ነው ምልክት ያደረግከው? «የአሜሪካ ዜጋ» የሚለው ላይ ከሆነ፣ በችኮላም ይሁን ሰው ሞልቶልህ፣ እዚሁ ላይ ቁም። ለሥራ ብሎ ዜጋ ነኝ ያለ ሰው የዕድሜ ልክ እገዳ ነው የሚጠብቀው፤ ለኢሚግራንት ቪዛ ደግሞ ይቅርታ የሚጠየቅበት ፎርም የለውም። አዲስ አበባም አያድንህም። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ወይም የሌላ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተጠቅመህ ከሆነ፣ ከአገር ከመውጣትህ በፊት በዲቪ የሠራ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ቁጭ በል። ደላላ ጋ አይደለም፤ ፎርም ሞይ ጋም አይደለም።

አይ-9 ከሌለ ወይም ዜጋ ነኝ ካላልክ ትልቁ ጭንቀት አለፈ። ዲኤስ-260 የቀድሞ ሥራህን ይጠይቃል፤ የቪዛህን ሁኔታ ጥሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ይጠይቃል። እውነቱን ጻፍ። ቆንስሉም ቢጠይቅህ በአጭሩ ተናገር፦ የት፣ መቼ፣ ስንት ወር። ታሪክ አታብዛ። ያ ገንዘብ ታክስ ላይ ካልተመዘገበም ከመሄድህ በፊት አስተካክለው፤ ለራስህም ዕረፍት ነው።

እስኪ ሱቁ ባይኖርስ ኖሮ ምን እመክርህ ነበር? ይህን የማነሳው ሌሎች አንባቢዎች ስላሉ ነው፤ ደግሞም ለአንተ መልሱ ብዙም አይለወጥም ነበር።

ሰው ሁሉ «የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ይረክሳል» ይላል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ነገሩ ቢጓተት፣ የትኛው ወገን ላይ ተይዘህ ብትቀር ትችለዋለህ? አሜሪካ ውስጥ ሆነህ ሚስትና ልጅህን እየናፈቅክ? ወይስ አዲስ አበባ ሆነህ ሥራህን እያጣህ?

ዲቪ ቀነ ገደብ አለው። የ2025ቱ ከመስከረም 21 ቀን 2017 እስከ መስከረም 20 ቀን 2018 ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ማለት ነው። በዚያ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ሁሉም ያበቃል። በኤምባሲ የሚጨርስ ሰው ቪዛው ከዚያ በፊት ከታተመለት በቂ ነው፤ ቪዛው ላይ ባለው ቀን ውስጥ በኋላም መግባት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የሚጨርስ ሰው ግን ማመልከቻው ራሱ እስከዚያ ቀን መጽደቅ አለበት። ማስገባቱ፣ አሻራ መስጠቱ፣ ለኢንተርቪው መጠራቱ አይቆጠርለትም።

በሰኔ 2016 ዋሽንግተን ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ግድግዳ ይበልጥ አጠነከረው። ያለፉ ዓመታት ዕድለኞች «መንግሥት ስላዘገየን ከቀኑ በኋላ ይሰጠን» ብለው ተሟግተው በሥር ፍርድ ቤት ረትተው ነበር። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን፣ ዳኛ ከቀኑ በኋላ ቪዛ ይሰጥ ብሎ ሊያዝ አይችልም በማለት ውሳኔውን ሻረው። ከእንግዲህ «በፍርድ ቤት አገኘዋለሁ» ብሎ የሚያስብ ካለ ይተወው።

ቁጥርህ 21 ሺህ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ ቪዛ ቡለቲን የሚባል የተራ ማስታወቂያ ያወጣል። የአፍሪካን ረድፍ ታያለህ፤ ኢትዮጵያ ለብቻዋ ቁጥር ተጽፎላት እንደሆነም ታያለህ። ቁጥሩ 20,000 ከሆነ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ተራቸው ደርሷል ማለት ነው። የአንተ ዓይነቱ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደርስ አይደለም። ደግሞ ለ2025 የተመረጡት ከነቤተሰባቸው ወደ 131 ሺህ ሰው ናቸው፤ ቪዛው ከ55 ሺህ አይበልጥም። ደረሰህ ማለት ተራ ያዝክ ማለት እንጂ ቪዛ ያዝክ ማለት አይደለም።

በል አሁን አስላው። ተራህ በፈረንጆቹ ጸደይ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ቢደርስ አሜሪካ ውስጥ ያለው ቢሮ ፋይልህን ኬንታኪ ካለው የዲቪ ማዕከል ያስመጣል፣ አሻራ ይወስዳል፣ ምናልባት ለኢንተርቪው ይጠራሃል። ወራት ይሄዳሉ። የባለቤትህ ቪዛ ካንተ ቀድሞ መሰጠት አይችልም። አንተ ኦገስት ላይ ብትጸድቅ ለሷና ለልጅህ የቀረው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ኤምባሲው ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ሜዲካል ተሠርቶ፣ ቪዛ መታተም አለበት። ካመለጣቸው ዲቪው ለእነሱ አበቃ። ከዚያ አንተ ግሪን ካርድ ይዘህ አይ-130 በሚባለው የቤተሰብ መጥሪያ ፎርም ትጠራቸዋለህ፤ ያ ደግሞ ዓመታት የሚያስጠብቅ ወረፋ ነው። ኤምባሲ ላይ ግን ሦስታችሁም በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት ትቀርባላችሁ።

የአዲስ አበባውም አደጋ አለው፤ አልሸፋፍንልህም። ቆንስሉ «ተጨማሪ ማጣሪያ ያስፈልገዋል» ብሎ ፋይሉን ሊያቆየው ይችላል። የኤፍ-1 ቪዛህ ካለቀ ወይም ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከነበረ የኦፒቲ ካርድህ ብቻውን አያስገባህም። አዲስ ኤፍ-1 ብትጠይቅም ኢሚግራንት ቪዛ የጀመረ ሰው «ተምሬ እመለሳለሁ» ቢል ማን ያምነዋል? ከዚህም ሌላ የፕሬዚዳንት አዋጅ መጀመሪያ የሚመታው ውጭ ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የወጣው እገዳ ኤምባሲ የሚጠብቁትን የዲቪ ዕድለኞች አቆማቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ሆነው ያመለከቱትን ግን አልነካም። ስለዚህ ጥፋት የሌለበት፣ ነጠላ የሆነ፣ ቁጥሩ ዝቅተኛ ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት «እዚሁ ጨርስ» እለዋለሁ።

ለሱም ቢሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ፋይሉ ንጹሕ ነበር፣ አይ-485 አስገብቶ ይጠብቃል። እናቱ አረፈች። በዚያው ሌሊት ትኬት ቆርጦ ለለቅሶ ሄደ። ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን አድቫንስ ፓሮል የሚባለው የጉዞ ፈቃድ በእጁ አልነበረም። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ያን ሳይዝ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። ደውሎ የነገረኝ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። እዚሁ የሚጨርስ ሰው ወላጆቹ በዕድሜ የገፉ ከሆነ ይህንንም አስቀድሞ ያስብ።

ጥገኝነት ጠይቀው መልስ የሚጠብቁ ወገኖች ደግሞ በጣም ይሳሳታሉ። «ወርክ ፐርሚት አለኝ፣ ሶሻል አለኝ፣ ሕጋዊ ነኝ» ይላሉ። ሥራው ሕጋዊ ነው። ነገር ግን ያልተወሰነ የጥገኝነት ማመልከቻ ለአድጀስትመንት የሚሆን ሕጋዊ ስታተስ አይደለም። የገቡበት ቪዛ ቆይታ ካለቀ በሩ በአብዛኛው ተዘግቷል። ያስፈራኛል ብለው ወዳመለከቱበት አገር ለኢንተርቪው መሄድ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። እነዚህ ሰዎች ዲቪ ሲደርሳቸው ያለ ጠበቃ አንዲት እርምጃ ባይሄዱ ይሻላል።

ወደ አንተ ልመለስ። ወጪውን ለጠየቅከው፦ በኤምባሲ ለአንድ ሰው 330 ዶላር ነው፤ ለሦስታችሁ 990። እሱን የምትከፍለው ኢንተርቪው ቀን እዚያው ነው። «አስቀድመህ ላክ» የሚልህ ኢሜይል ከመጣ ሌባ ነው። ቪዛው ከወጣ በኋላ ለግሪን ካርዱ ማሳተሚያ ለያንዳንዳችሁ 235 ዶላር ለዩኤስሲአይኤስ በኢንተርኔት ትከፍላላችሁ። ሜዲካልና ትኬት ለብቻ።

አሁን የምታደርገው ነገር፣ ሎተሪውን በሞላህበት ኢሜይል ለኬንታኪው ማዕከል፣ ለኬሲሲ፣ መጻፍ ነው። ኬዝ ቁጥርህን፣ ሙሉ ስምህንና የትውልድ ቀንህን ጥቀስ። አዲስ አበባ ኤምባሲ ላይ መጨረስ እንደምትፈልግ ንገራቸው፤ ፎርሙንም ለማስተካከል እንዲከፍቱልህ ጠይቅ። ቢከፍቱልህ የሱቁን ሥራ የዚያን ጊዜ ታስገባለህ። ለሚስትህና ለልጅህም ለየራሳቸው ዲኤስ-260 መሞላቱን አረጋግጥ። ይህን ለመጋቢት አታቆየው። ኢንተርቪው የሚያዘው ፎርሙ ታይቶ ለተጠናቀቀለት ሰው ነው።

ባለቤትህ ከአሁኑ የጋብቻና የልደት ማስረጃዎችን ከወሳኝ ኩነት ታውጣ። ስሞቹ በፊደል ሳይቀር ከፓስፖርት ጋር ይግጠሙ። አንድ «ኤች» መብዛትና ማነስ ስንት ሰው እንዳመላለሰ ብነግርህ አታምንም። የኢትዮጵያ ፖሊስ ማስረጃ ለአንተም ለሷም ያስፈልጋል፤ ከአሜሪካ ግን አይጠየቅም። የ12ኛ ክፍል ማስረጃህንም ያዝ። ማስተርስ አለኝ ብለህ ቤት እንዳትተወው።

ሜዲካሉን በመጨረሻው ሳምንት አታድርገው። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ የቲቢ የደም ምርመራ አለበት። የአንዳችሁ የሳንባ ራጅ አጠራጣሪ ከሆነ አክታ ተወስዶ ይበቅላል፤ ውጤቱ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። በሐምሌ ተራው የደረሰው ሰው ይህ ሲገጥመው ምን እንደሚሆን አስበው።

ሥራህን ቀድመህ አትልቀቅ። ፈቃድ ወስደህ ሂድ፤ አለቃህ ከሩቅ ሆነህ እንድትሠራ ይፈቅድ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቅ። ቤት ኪራይህን ለሁለት ወር የሚሸፍን ገንዘብ አስቀምጥ። ትኬቱን ሳትቆርጥ በፊት ግን የሱቁን ባለቤት ደውለህ፣ «ያኔ የሞላሁት ወረቀት ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቀው። ነበር ካለህ ኮፒውን አምጣና ለጠበቃ አሳይ። አልነበረም ካለህ ለሚስትህ ደውልና የልጅህ ፓስፖርት መቼ እንደሚያልቅ አይታ ትንገርህ።